ኢኳቶሪያል ጊኒ፦ ገንዘቡ ባሕር ላይ፣ ሥልጣኑ ጫካ ውስጥ

ብዙዎቻችን ኢኳቶሪያል ጊኒን የምናውቃት በኳስ ነው። በጃንዋሪ 2024 የአፍሪካ ዋንጫ አዘጋጇን ኮትዲቯርን በገዛ ሜዳዋ 4 ለ 0 ስትቀጣት፣ ብዙ ሰው ስልኩን አውጥቶ «ይቺ አገር የት ናት?» ሳይል አልቀረም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ግን አገሪቱ አንድ ቦታ ላይ አይደለችም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካርታውን ዘርጉት። ትልቁ ክፍል ሪዮ ሙኒ ይባላል። በካሜሩንና በጋቦን መካከል በማስመሪያ የተቆረጠ የሚመስል አራት ማዕዘን የደን ምድር ነው፤ ስፋቱ 26,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ፣ ባሕር ውስጥ፣ ቢዮኮ የምትባል የእሳተ ገሞራ ደሴት አለች። ስፋቷ 2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ከካሜሩን ዳርቻ 32 ኪሎ ሜትር ያህል ነው የምትርቀው። ከገዛ አገሯ ይልቅ ለጎረቤት ትቀርባለች ማለት ነው። ለአስርት ዓመታት ዋና ከተማ ሆና የኖረችው ማላቦ ያለችው እዚህች ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ ላይ ነው።

ገና አላለቀም። ከቢዮኮ ወደ ደቡብ በባሕር ሄዳችሁ፣ ሳኦ ቶሜና ፕሪንሲፔ የምትባለዋን ሌላ ሉዓላዊ አገር አልፋችሁ፣ 17 ካሬ ኪሎ ሜትር የምታክል ደሴት ታገኛላችሁ። አኖቦን ትባላለች። እሷም የኢኳቶሪያል ጊኒ ናት። የሚገርመው ምድር ወገብ የዚህችን አገር መሬት አንድ ስንዝር እንኳን አይነካም። ሪዮ ሙኒን በሰሜን፣ አኖቦንን በደቡብ ትቶ መሃል ለመሃል ባሕሩን ሰንጥቆ ያልፋል።

ስለዚህች አገር ሲጻፍ ወሬው ብዙ ጊዜ ስለ አንድ ሰው ነው። ፕሬዚዳንት ቴዎዶሮ ኦቢያንግ ከ1979 ጀምሮ ሥልጣን ላይ ናቸው። ንጉሥ ካልሆኑ የዓለም መሪዎች መካከል በሥልጣን ላይ ረጅም ዕድሜ ያስቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ይህን መዝለል አይቻልም። እኔ ግን ካርታው ይቀድማል ባይ ነኝ። አብዛኛው ሕዝብ ያለው በዋናው ምድር ነው። ነዳጁና ጋዙ ያለው ከባሕሩ ሥር፣ በብዛት በቢዮኮ ዙሪያ ነው። የገዢዎቹ ትውልድ ቦታ ደግሞ ከባሕሩ እጅግ የራቀው የምሥራቁ ጫካ ነው። ዛሬ የሚያነጋግሩት ጉዳዮች፣ ማለትም የዋና ከተማው ዝውውር፣ ከጋቦን ጋር ያለው የደሴቶች ክርክርና የአኖቦን ቅሬታ፣ ሁሉም ከዚህ አቀማመጥ የሚመዘዙ ናቸው።

እነዚህን የተበታተኑ ቦታዎች አንድ ያደረጋቸው ማን ነው? ጂኦግራፊም ባህልም አይደሉም። ውል ነው። ፖርቱጋል በ1778 ደሴቶቹን ለስፔን አስረከበች፤ ስፔን በለውጡ በደቡብ አሜሪካ ያሉ ግዛቶች ላይ የነበራትን ጥያቄ ተወች። ስፔን ግን ለብዙ ጊዜ ደሴቲቱን ዞር ብላም አላየቻት። እንግሊዞች በ1827 መጥተው ዛሬ ማላቦ ባለችበት ቦታ ሰፈሩ። ዓላማቸው የባሪያ ንግድ መርከቦችን መቆጣጠር ነበር። ነፃ ከወጡት ሰዎችና ከሴራሊዮን ከመጡት ጋር አንድ አዲስ የከተማ ማኅበረሰብ ተፈጠረ። ቋንቋቸው ፒቺ ይባላል፤ መሠረቱ እንግሊዝኛ ነው። ዛሬም በማላቦ ገበያና ታክሲ ውስጥ ትሰሙታላችሁ። እንግዲህ በአፍሪካ ስፔንኛን የመንግሥት ቋንቋ ባደረገች አገር፣ ዋና ከተማ ሆና በኖረችው ማላቦ፣ የመንደሩ መግባቢያ ከእንግሊዝኛ የተወለደ ነው። በአኖቦን ደግሞ የሚነገረው ከፖርቱጋልኛ የተወለደ ቋንቋ ነው፤ ፋ ዳምቦ ይሉታል። መንግሥት በበኩሉ ፈረንሳይኛንና ፖርቱጋልኛንም የመንግሥት ቋንቋ አድርጓል። ፈረንሳይኛው የመጣው ሲኤፍኤ ፍራንክ በሚባለው የጋራ ገንዘብ ከሚጠቀሙት ጎረቤቶች ጋር ለመቀራረብ ነው። ፖርቱጋልኛው ደግሞ በ2014 ፖርቱጋልኛ ተናጋሪ አገሮች ማኅበር ውስጥ ለመግባት ጠቅሟል።

የቢዮኮ የጥንት ባለቤቶች ቡቢዎች ናቸው። የራሳቸው ንጉሥ ነበራቸው። የማላቦ ከተማ ስም ከአንዱ ንጉሣቸው የተወሰደ ነው፤ እስከ 1973 ድረስ ሳንታ ኢዛቤል ትባል ነበር። በደሴቲቱ ላይ ያለው የባዚሌ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በደቡቡ ጫፍ ኡሬካ የምትባል መንደር በዓመት ከ10,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርድባታል። ከአዲስ አበባ ስምንት ዘጠኝ እጥፍ ማለት ነው። ግዙፍ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል የሚወጡትም እዚያው የኡሬካ አሸዋ ላይ ነው።

በዋናው ምድር የሚበዙት ፋንጎች ናቸው። የአገሪቱም አብላጫ ሕዝብ እነሱ ናቸው። ፋንጎች በኢኳቶሪያል ጊኒ ብቻ አይኖሩም፤ በደቡብ ካሜሩንና በሰሜን ጋቦንም አሉ። ድንበሩ ሲሰመር ዘመዳሞቹን ለሦስት ነው የቆረጣቸው። በየመንደራቸው አባኣ የሚባል በጎኑ ክፍት የሆነ ቤት አለ። ወንዶች እዚያ ይሰበሰባሉ፣ ይበላሉ፣ ጠብ ይዳኛሉ፣ እንግዳ ይቀበላሉ። ማታ ማታ ምቬት የሚጫወት ሰው ከተገኘ ደግሞ ሌሊቱ ያልቃል። ምቬት ከቅል ማስተጋቢያ ጋር የሚሠራ ባለ ክር መሣሪያ ነው። በእሱ የሚተረከውም ታሪክ ራሱ ምቬት ይባላል። ሞት የማያውቁ ሰዎች ከሟቾች ጋር የሚያደርጉት ጦርነት ነው። ተራኪው ይዘምራል፣ ይተርካል፣ ያስመስላል፣ አድማጩም እየተቀበለ እንዲመልስለት ያደርጋል፤ አዝማሪና የጦር ሜዳ ተራኪ በአንድ ሰው ውስጥ ቢዋሃዱ እንደማለት ነው። በባሕሩ ዳር ደግሞ ንዶዌ የሚባሉ፣ በዓሣና በጀልባ የኖሩ ሕዝቦች አሉ። እነዚህም የራሳቸው ቋንቋና ወግ አላቸው፤ ቁጥራቸው ግን ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። የባሕሩ ሰዎች፣ ማለትም ቡቢዎች፣ ንዶዌዎችና አኖቦኖች፣ ሁሉም አናሳ ናቸው። አብላጫው የጫካው ሕዝብ ነው። በ1968 ነፃነት ሲመጣ የደሴቲቱ ፖለቲከኞች የፈሩትም ይህንኑ ነበር፤ አንዳንዶቹ ቢዮኮ ለብቻዋ ትውጣ እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

ፍርሃቱ ከንቱ አልነበረም፤ የመጣው ግን ከተፈራውም የከፋ ሆነ፤ ያውም ለሁሉም። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ፍራንሲስኮ ማሲያስ ንጌማ የምሥራቁ የሞንጎሞ አካባቢ ሰው ነበር። ተማረ የተባለን ሁሉ አሳደደ። ሰዎች ባሕር አቋርጠው እንዳይሸሹ ጀልባና ዓሣ ማጥመድ ታገደ። ደሴት ላይ ለሚኖር ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ከሕዝቡ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ወይ ተገደለ ወይ ተሰደደ ይባላል። በቢዮኮ የካካዎ እርሻ ላይ የሚሠሩት በአብዛኛው ናይጄሪያውያን ነበሩ። ግፉ ሲበዛባቸው የናይጄሪያ መንግሥት በ1975 እና 1976 በአስር ሺዎች የሚቆጠሩትን ወደ አገራቸው መለሰ። ገዥው ባዶ የቀረውን እርሻ ከዋናው ምድር በግዳጅ ባመጣቸው ሰዎች ሊሞላ ሞከረ። አልሆነም። በጥራቱ የታወቀው ካካዎ ሞተ።

በኦገስት 1979 ማሲያስን የገለበጠው የገዛ እህቱ ወይም ወንድሙ ልጅ እንጂ ባዕድ አልነበረም፤ ኦቢያንግ ናቸው። ማሲያስ ተፈርዶበት በዚያው ዓመት ተገደለ። መንግሥት ተለወጠ፣ ሥልጣኑ ግን ከዚያው ቤተሰብና ከዚያው የሞንጎሞ አካባቢ አልወጣም። ዛሬ ምክትል ፕሬዚዳንቱ የፕሬዚዳንቱ ልጅ ቴዎዶሮ ንጌማ ኦቢያንግ ማንጌ ናቸው። ፈረንሳይ ውስጥ በሕዝብ ገንዘብ ምዝበራ ተከስሰው የተፈረደባቸውም እሳቸው ናቸው፤ ፍርዱ በ2021 የመጨረሻ ሆኗል።

ከዚያ ነዳጅ መጣ። በ1995 ከቢዮኮ ሰሜን ምዕራብ ዛፊሮ የሚባል ትልቅ የነዳጅ መስክ ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት ማምረት ተጀመረ። በ2000ዎቹ አጋማሽ የቀን ምርቱ ከ300,000 በርሜል በላይ ደረሰ። ከ2 ሚሊዮን ለማይሞላ ሕዝብ ይህ ከባድ ገንዘብ ነው። አገሪቱ በነፍስ ወከፍ ገቢ ከአፍሪካ ቀዳሚ የተባለችበት ጊዜም ነበር። ግን ልዩ ነገሩ ነዳጁ ከሰው ጋር ሳይነካካ መውጣቱ ነው። መድረኮቹ ባሕር ላይ ናቸው። የጋዙ ፋብሪካ ከማላቦ አጠገብ ፑንታ ኤውሮፓ በሚባል የታጠረ ግቢ ውስጥ ነው። ባለሙያውም ዕቃውም ከውጭ ይመጣል፣ ምርቱም ወደ ውጭ ይሄዳል። በዋናው ምድር መንደር ውስጥ ያለ ገበሬ ስለ ነዳጁ የሚያውቀው በሬዲዮ ከሰማው ብዙም አይበልጥም። ቡቢዎች በበኩላቸው ነዳጁ ከደጃችን እየወጣ ድርሻችን የት አለ ማለታቸው አልቀረም። በጃንዋሪ 1998 በቢዮኮ ጥቃት ተነስቶ ወታደሮች ተገደሉ። የተከተለው የጅምላ እስራትና የጦር ፍርድ ቤት ነበር።

ገንዘቡ የት ገባ? አንዱ ክፍል ኮንክሪት ሆኗል። ከማላቦ ወጣ ብሎ ሲፖፖ የሚባል ቦታ አለ። ለ2011ዱ የአፍሪካ ኅብረት ጉባኤ ተብሎ ለየመሪው አንድ፣ በጠቅላላው 52 ቪላ ተሠራበት። ጉባኤው ጥቂት ቀናት ነው። በ2014 ደግሞ መሪዎቹ እዚያው ተሰብስበው ከበጀታቸው 10 በመቶውን ለግብርና እንደሚያውሉ ዳግም ቃል ገቡ። አዲስ አበባ ኅብረቱ አካባቢ ለሚሠራ ሰው «የማላቦ መግለጫ» የዕለት ተዕለት ቃል ነው። ቃሉ የተገባባት አገር ግን የምትበላውን በብዛት ከውጭ ነው የምታመጣው። ቲማቲሙ፣ ሽንኩርቱ፣ ሙዙ ሳይቀር ከካሜሩን በኪዬ ኦሲ ድንበር ይገባል። ድንበሩ በተዘጋ ቁጥር፣ ደግሞ ብዙ ጊዜ ይዘጋል፣ የገበያው ዋጋ ይንራል። ዝናብና ለም መሬት ሞልቶ ሽንኩርት በድንበር መጠበቅ የነዳጅ ሀብት ከሚያመጣቸው በሽታዎች አንዱ ነው።

ሌላው ኮንክሪት ሲዩዳድ ዴ ላ ፓዝ ነው። የመጀመሪያ ስሙ ኦያላ ነበር። በዋናው ምድር፣ በደኑ እምብርት፣ ከባዶ የተገነባ ከተማ ነው። ሰፋፊ አስፋልት፣ ትልቅ ሆቴል፣ ዩኒቨርሲቲ፣ የመንግሥት ሕንፃዎች አሉት። በ2017 አካባቢው ጅብሎሆ ተብሎ ራሱን የቻለ ክፍለ ሀገር ሆነ። ዋና ከተማነትን ከማላቦ ወደዚህ የማምጣቱ ሥራ ለዓመታት ሲጎተት የኖረ ጉዳይ ነው።

ምክንያቱ ምንድን ነው? መንግሥት የሚለው ሕዝቡ ያለው በዋናው ምድር ስለሆነ አስተዳደሩም ወደ መሃል ይምጣ ነው። ይህ ክርክር ባዶ አይደለም። በዋናው ምድር ሰሜን ምሥራቅ ጥግ ያለችው የኤበቢዪን ከተማ ሰው ለአንድ ወረቀት ብሎ አውሮፕላን ወይም መርከብ መሳፈር የለበትም። ናይጄሪያ አቡጃን፣ ታንዛኒያ ዶዶማን የመረጡት በተመሳሳይ ሐሳብ ነው። ግን ሁለተኛውን ምክንያት ፕሬዚዳንቱ ራሳቸው በ2012 ለቢቢሲ ተናግረውታል፤ ደህንነት ነው። ማላቦንና የዋናውን ምድር የወደብ ከተማ ባታን መጠበቅ ከባድ ነው ብለዋል። ታሪኩን ስታዩት ፍርሃቱ ይገባችኋል። በ2004 የውጭ ቅጥረኛ ወታደሮችን የጫነ አውሮፕላን ሐራሬ ላይ ተያዘ፤ ሲሄድ የነበረው ኦቢያንግን ለመገልበጥ ነበር። በ2009 ደግሞ ታጣቂዎች በፈጣን ጀልባ መጥተው ማላቦ ያለውን ቤተ መንግሥት ተኮሱበት። ባሕር ዳር ያለ ቤተ መንግሥት ከባሕር ለሚመጣ ሁሉ ክፍት ነው። ጫካ ውስጥ ያለው ግን የሚደረስበት መንገድ ይታወቃል።

በእኔ እይታ ሁለቱም ምክንያቶች እውነት ናቸው፣ የሚያመዝነው ግን ሁለተኛው ነው። ከተማው የተተከለው ትልቁ የወደብ ከተማ ባታ አጠገብ አይደለም። ንግዱና ብዙው ሰው ያለው እዚያ ሆኖ ሳለ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ገዢዎቹ አገር ጠጋ ተብሏል። ደግሞ ግንባታው የተጀመረው ነዳጁ ሲትረፈረፍ ነበር። አሁን የቀን ምርቱ ከ100,000 በርሜል በታች ወርዷል። ኤክሶንሞቢል በ2024 ዛፊሮን ለቆ ወጥቷል። የማያልቅ ከተማ፣ እያለቀ ባለ ነዳጅ።

ነዳጁ ሲቀንስ ደግሞ ሰው የማይኖርባት ትንሽ ደሴት ዋጋዋ ይንራል። ወደ ጋቦን ጉዳይ እንምጣ።

ምባኚዬ 30 ሄክታር ገደማ የምትሆን ደሴት ናት። ኮኮቲዬና ኮንጋ የሚባሉ ከእሷም ያነሱ ሁለት ደሴቶች አጠገቧ አሉ። ያሉት በዋናው ምድር ደቡብ ምዕራብ፣ ከጋቦን ዳርቻ አጠገብ ነው። ጋቦን በ1972 የኢኳቶሪያል ጊኒን ወታደሮች አባርራ ምባኚዬን ያዘች። መሬቱ ራሱ ለማንም አይጠቅምም። የደሴቱ ባለቤት የሆነ ግን በዙሪያው ያለውን ባሕር፣ ከባሕሩም ሥር ያለውን የመጠየቅ መብት ያገኛል። ነገሩ ያ ነው።

ሁለቱ አገሮች በ2016 ጉዳዩን ሄግ ላለው ለዓለም አቀፉ የፍትሕ ፍርድ ቤት ለማቅረብ ተስማሙ፤ በ2021 መዝገቡ ተከፈተ። ጋቦን የያዘችው ትልቁ ማስረጃ በ1974 ባታ ላይ ተፈረመ የተባለ ውል ነበር። በውሉ መሠረት ደሴቶቹ የጋቦን ናቸው። ችግሩ ዋናው ሰነድ የለም፣ ያለው ፎቶ ኮፒ ነው። ያውም ጋቦን ያወጣችው በ2003 ነው። ሦስት አስርት ዓመት ሙሉ ማንም ያላነሳውን ውል! ፍርድ ቤቱ በሜይ 19፣ 2025 ይህ ወረቀት የሕግ ኃይል ያለው ውል አይደለም አለ። ደሴቶቹ በስፔን እጅ ነበሩ፣ በ1968 ነፃነት ሲመጣ ለኢኳቶሪያል ጊኒ ተላለፉ ሲልም ወሰነ። በየብሱ ድንበር ግን የሚገዛው በጁን 27፣ 1900 ፈረንሳይና ስፔን ፓሪስ ላይ የተፈራረሙት ስምምነት ነው ብሏል።

ይህቺ ቀን ለእኛ ሰዎች ትንሽ ታስደነግጣለች። ኢትዮጵያና ጣሊያን የኤርትራን ድንበር ውል የተፈራረሙት በጁላይ 10፣ 1900 ነው። ሁለት ሳምንት እንኳን አልሞላም ልዩነቱ። የኢትዮ ኤርትራ ድንበር ኮሚሽንም በ2002 ውሳኔውን የመሠረተው በዚያው ውልና በ1902 እና 1908 በተከተሉት ላይ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። ኢትዮጵያ ራሷ ፈራሚ ነበረች። ፋንጎችን ግን ማንም አልጠየቃቸውም። ከመቶ ዓመት በኋላ ፍርድ ቤት የሚያየው ግን ወረቀቱን ነው።

የጋቦን ሁኔታ እንዲህ ሲሆን፣ ከካሜሩን ጋር ያለው ደግሞ የተለየ መንገድ ይዟል። በድንበሩ ላይ የተጋደመ ዮዮ እና ዮላንዳ የሚባል የጋዝ መስክ አለ። ሁለቱ መንግሥታት በማርች 2023 አብረው ለማልማት ውል ፈርመዋል። ስለዚህ ኢኳቶሪያል ጊኒ ከጎረቤት ጋር መስማማት አትችልም ማለት አይቻልም። ገንዘቡ በጋራ ካልሆነ የማይወጣ ሲሆን ትስማማለች።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የአኖቦን ነገር ነው። ማላቦ ስለ ምባኚዬ ባዶ አለት ሄግ ድረስ ሄዳ ስትከራከር፣ በአኖቦን የሚኖሩት ጥቂት ሺህ ሰዎች ግን ተረስተናል እያሉ ነው። መርከብ እንደልብ አይመጣም። በ2022 በውጭ ያለ አንድ የአኖቦን ቡድን ነፃነት አውጃለሁ ብሎ ነበር፤ የተቀበለው አገር የለም። በጁላይ 2024 የደሴቲቱ ነዋሪዎች በግንባታ ሥራ ላይ የሚፈነዳው ድማሚት ቤታችንንና አካባቢያችንን ጎዳ ብለው ለመንግሥት ደብዳቤ ጻፉ። የመጣው መልስ እስራት ነበር። ኢንተርኔቱም ተቆረጠ፤ ከዓመት በላይም ሳይመለስ ቆየ። ደሴት ላይ ያለ ሰው ኢንተርኔቱ ሲቆረጥ ባንኩም፣ ሐኪሙም፣ ስፔን ያለው ልጁም አብረው ይጠፉበታል። ማሲያስ ጀልባ ነበር የሚከለክለው።

የሄጉ ፍርድ ቤት ያልነካው አንድ ነገር አለ። ደሴቶቹ የማን እንደሆኑ ወሰነ እንጂ የባሕሩን ድንበር አላሰመረም፤ አልተጠየቀምም። እሱን ማስመር ለማላቦና ለጋቦን ዋና ከተማ ለሊብረቪል ነው የተተወው። ጋቦንም ብትሆን ነዳጇ እያረጀ ነው፤ ከ2023ቱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ የመጣው አዲሱ አመራር ለሕዝቡ የሚያሳየው ነገር ይፈልጋል። ምባኚዬን አስረክቦ፣ ከዚያ ስለ ባሕሩ በሰላም መደራደር ለሊብረቪል ፖለቲከኛ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መጀመሪያ የሚጠበቀው የጋቦን ሰዎች ደሴቷን ለቀው መውጣታቸው ነው። ከዚያ ቀጥሎ መስመሩ በየት በኩል እንደሚያልፍ በመለኪያ የሚያስሉት የባሕር ካርታ ባለሙያዎች ናቸው። የነዳጅ ኩባንያዎቹም በዚያ ውኃ ላይ ገንዘብ ከማፍሰሳቸው በፊት ያንን መስመር ይጠብቃሉ።